የአማርኛ ጸሐፊ ጊዜ የሚባክነው ሌላ ቦታ ነው፦ ስለ ጸሐፊ መሣሪያዎች ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጽሑፍ ሥራ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ብዙ የተነበበ አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ጸሐፊ ወርድን ትቶ ስክሪቭነር የተባለውን የረጅም ሥራ መጻፊያ ፕሮግራም ይግዛ፤ የፊደል ስሕተት መልቀሙን ለማረሚያ ሶፍትዌርና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይተው፤ ፋይሉን በሙሉ ክላውድ (የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ላይ ያድርግና ፍላሽ የሚባለውን ይርሳ፤ በቀን 1,667 ቃል ይጻፍ፤ እጁ ሲደክም በድምፅ ያስጽፍ፤ ሲጨርስ ፋይሉን ለማተሚያ ቤት ይላክ። ስለ መተየቢያ የሰጠው ቦታ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የለመዳችሁት ይበቃል»።

ምክሩ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ክፋት የለውም። በአማርኛ ለሚጽፍ ግን ፊተኛው ኋላ፣ ኋለኛው ፊት ሆኗል። የአማርኛ ጸሐፊን ሰዓት የሚበላው የመተግበሪያ እጦት አይደለም፤ የማይከፈት ፋይል፣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በአራት ዓይነት አጻጻፍ የተበተነ ስምና ማተሚያ ቤት ሲደርስ የሚፈርስ ገጽ ነው። ስለዚህ የዚያ ጽሑፍ ጸሐፊ ዘለል ካደረጉት ነገር እንጀምር።

«የለመዳችሁት መተየቢያ ይበቃል»

የለመዱት የትኛው እንደሆነ ሳይጠየቅ እንዲህ ማለት አደጋ አለው። የግዕዝ ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ይሠራበት የነበረው የፊደሉን ቅርጽ በላቲን ፊደል መቀመጫ ላይ የሚያስቀምጥ ፎንት ነበር። ቪዥዋል ግዕዝና የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ከዚህ ወገን ናቸው። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ሲሆን ሀሁ አስመስሎ የሚያሳየን ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ገጹ በሙሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናል። የፍለጋ ሞተር አያገኘውም፤ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም እንደዚያው ይበታተናል።

እጅዎ ላይ ያለው ፋይል የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። አንድ አንቀጽ ይምረጡና ፎንቱን ወደ ኤሪያል ይለውጡ። ፊደሉ ግዕዝ እንደሆነ ከቆየ ዩኒኮድ ነው፤ ኤሪያል የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ወርድ ራሱ ሌላ ፎንት ይተካለታል። ወደ ላቲን ከተበታተነ የድሮው ነው።

የድሮውን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ መሣሪያዎች አሉ። ጥፋቱ የሚመጣው ሰው ፋይሉን ከላይ እስከ ታች መርጦ በአንዴ ሲለውጥ ነው፤ መሐል ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ስምና የድረ ገጽ አድራሻ ሁሉ እንደ አማርኛ ተቆጥሮ ይበላሻል። ዋናው ፋይል ሳይነካ በቅጂ ላይ መሥራት ይሻላል። ወርድ ላይ የፍለጋውን ሳጥን ባዶ ትተው በፎርማት በኩል የድሮውን ፎንት ስም ብቻ ይስጡት፤ በዚያ ፎንት የተጻፈውን ብቻ ያገኝልዎታል፤ እሱን ይለውጡ። አንዱ ፎንት ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ በአንድ ሰነድ ሁለትና ሦስት የድሮ ፎንት ማግኘት የተለመደ ነው። የግርጌ ማስታወሻ፣ የገጽ ራስጌና የጽሑፍ ሳጥን ብዙ ጊዜ ስለሚዘለሉ ለየብቻ ይታያሉ። ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ደግሞ በዓይን ካልታለፈ አይታመንም።

ለአዲስ ሥራ ኪማን በተባለው የመተየቢያ ፕሮግራም ላይ የሚጫነውን ጂኤፍኤፍ አማርኛ እንመርጣለን። ነጻ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስና በስልክም ይሠራል። ቢሮ በአንዱ፣ ቤት በሌላው መተየቢያ የሚጽፍ ሰው ጣቱ ሁልጊዜ ይሳሳታልና ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። አመታቱ እንዲህ ነው፦ የኤል ቁልፍ ብቻውን ል ይሰጣል፤ ኢ ሲከተለው ለ፣ ኦ ሲከተለው ሎ ይሆናል፤ ኤስ ሁለቴ ሲመታ ሥ ይመጣል። ፓወር ግዕዝ የለመደ ሰው የግድ ይተወው አንልም፤ አዲሶቹ እትሞች የዩኒኮድ ምርጫ ስላላቸው ምርጫው መብራቱን ማረጋገጥ ብቻ ነው።

እዚሁ ላይ አራት ነጥብን ማንሳት ይገባል። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ አራት ነጥብ ያስመስላል። ለዓይን ያው ነው። ለኮምፒውተር ግን ፡፡ ማለት ሁለት የቃል መለያ፣ ። ማለት ደግሞ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው። ዓረፍተ ነገር እየቆረጠ የሚሠራ ፕሮግራም፣ የድምፅ ንባብም ሆነ ትርጉም፣ ፡፡ ላይ ማቆም እንዳለበት ላያውቅ ይችላል። መፍትሔው ፡፡ የሚለውን በ። መተካት ነው። በላቲኑ ኮለን የተመቱትን፣ እንዲሁም በሁለቱ መካከል ባዶ ቦታ የገባባቸውን ለየብቻ ይፈልጓቸው። ነጠላውን ፡ ግን «ሁሉንም ተካ» ብለው እንዳያዙ፤ 3፡30 የሚለው ሰዓት አብሮ ይሄዳል።

«የፊደል ስሕተት መልቀም የሶፍትዌር ሥራ ነው»

ጸሐፊው በስም የጠቀሱት ግራመርሊ የተባለው ማረሚያ አማርኛ አያርምም። በመዝገበ ቃላት ላይ የቆመ ሌላ ማረሚያም ቢሆን አማርኛ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ «ከየመንደሮቻቸውም» ዓይነት ቃል በዝርዝር ውስጥ ተጽፎ አያልቅም። ውጤቱ ግማሹ ገጽ በቀይ የተሰመረበት ሰነድ ነው፤ ሁሉም ነገር ቀይ ሲሆን ደግሞ እውነተኛው ስሕተት አይታይም።

የአማርኛ ዋናው ራስ ምታት ግን ይሄም አይደለም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ አንድ ድምፅ ይዘው ብዙ መልክ አላቸው። «ጸሐፊ» በአንድ ረቂቅ ውስጥ ጸሐፊ፣ ፀሐፊ፣ ጸሃፊ፣ ፀሀፊ ሆኖ ቢመጣ አንባቢ ይረዳዋል፤ ፍለጋ ግን አንዱን ብቻ አግኝቶ ሦስቱን ይዘላል። አንድን ገጸ ባሕርይ ከ«ኃይሉ» ወደ ሌላ ስም ለመቀየር የወሰነ ደራሲ መጽሐፉ ታትሞ ገጽ 210 ላይ «ሀይሉ» ብቅ ሊልበት ይችላል።

ለዚህ የሚገዛ ነገር የለም። ወርድ ላይ ኮንትሮልንና ኤችን አንድ ላይ ሲጫኑ የመፈለጊያና የመተኪያ ሳጥን ይከፈታል። «ሞር» የሚለውን ነክተው «ዩዝ ዋይልድካርድስ» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በመፈለጊያው ቦታ እንዲህ ይጻፉ፦

[ጸፀ][ሐሀሃኀኃሓ]ፊ

በካሬ ቅንፍ ውስጥ ካሉት ከአንዱ ፊደል ጋር የሚገጥመውን ሁሉ ያመጣል። የወርድ አቻ በሆነው ሊብሬኦፊስ ላይም «ሬጉላር ኤክስፕሬሽንስ» የሚለው ሲበራ ያው አጻጻፍ ይሠራል። አናባቢው ከፊደሉ ጋር የተዋሐደ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ቅንፍ ያስፈልጋል፦ «ጽሑፍ» የሚለውን ከፈለጉ [ጽፅ][ሑሁኁ]ፍ መሆን አለበት። በተራ ፍለጋ ጊዜ «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለውን ምርጫ አያብሩ፤ «ስለጸሐፊው» እና «ለጸሐፊዎቹ» ያመልጡዎታል።

ሲተኩ ግን አንድ በአንድ። «ሰራ»ን በ«ሠራ» ሁሉንም ተካ ብለው ቢያዙት «ተሰራጨ» የሚለው «ተሠራጨ» ሆኖ ይወጣል። «አለም»ን በ«ዓለም» ቢተኩ «አለምንም ጥርጥር» የነበረው «ዓለምንም ጥርጥር» ይሆናል። እነዚህ ስሕተቶች ከመጀመሪያዎቹ የባሱ ናቸው፤ ሰው ሳይሆን ማሽን የጻፋቸው ስለሆኑ ማንም አይጠብቃቸውም። ሥራው የሚቀለው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ አንድ ገጽ የአጻጻፍ ዝርዝር ሲያዝ ነው፦ የሰው ስም፣ የቦታ ስም (ሐረር ወይስ ሀረር?)፣ ዘወትር የሚያከራክሩ ቃላት፣ ቁጥር በአኃዝ ወይስ በፊደል። አርታኢ ሲመጣም የመጀመሪያው ጥያቄው ያ ዝርዝር ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በተመለከተ፦ ጽሑፉን ሰጥቶ «አርምልኝ» ማለት ይቻላል፤ የሚመጣው አማርኛም ለዓይን ያማረ ሊሆን ይችላል። አደጋው ሳይጠየቅ የሚለውጠው ነው። ጥቅስን ያቃናል፣ የስም አጻጻፍ ይለውጣል፣ የአገር ቤትን አነጋገር ወደ ዜና አማርኛ ያመጣል፣ ከረጅም አንቀጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጥላል። ስለዚህ የተመለሰውን በዋናው ላይ አይለጥፉ። በሌላ ፋይል አስቀምጠው ወርድ ላይ በሪቪው በኩል «ኮምፔር» የሚለውን ይጠቀሙ፤ ሁለቱን ፋይሎች አነጻጽሮ የተለወጠችውን እያንዳንዷን ፊደል ያሳያል፤ የወደዱትን ይቀበላሉ፣ ያልወደዱትን ይመልሳሉ። ያለዚህ እርምጃ የተለወጠውን ለማወቅ ጽሑፉን ሁለቴ ጎን ለጎን ማንበብ ነው፤ ያ ደግሞ ራስዎ ከማረም አያንስም።

«ወርድን ተዉ፣ ስክሪቭነር ግዙ»

ስክሪቭነር ጥሩ ፕሮግራም ነው። ረጅም ሥራን በትናንሽ ቁራጮች ይይዛል፤ ምዕራፍ ማዘዋወር ያቀላል። ለመግዛት ግን የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ አገር ቤት ላለ ጸሐፊ ይህ ብቻውን ትልቅ አጥር ነው። ጸሐፊው ያላነሱት ሌላ ነገርም አለ፦ የስክሪቭነር ሥራ አንድ ፋይል አይደለም፣ ፎልደር ነው። ዊንዶውስ ላይ ያንን ፎልደር ሲከፍቱ ውስጡ አንድ ጎላ ያለ ፋይል ይታያል፤ ብዙ ሰው እሱን ብቻ ለወዳጁ በኢሜይል ይልካል ወይም ፍላሽ ላይ ይገለብጣል። እሱ ማውጫው ነው፤ ጽሑፉ በንዑስ ፎልደሮች ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። ሙሉው ፎልደር በዚፕ ታሽጎ ነው መላክ ያለበት። በሁለት ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጊዜ ከተከፈተና ክላውድ መሐል ከገባ ደግሞ ቁራጮቹ ይጋጫሉ፤ የፕሮግራሙ ሠሪዎች ራሳቸው ጎግል ድራይቭ ላይ እንዳይቀመጥ ይመክራሉ። ጸሐፊው በአንድ ጽሑፍ ሁለቱንም ማዘዛቸው የሚገርመው ለዚህ ነው።

ስክሪቭነር የተመሰገነበት ዋናው ነገር፣ ምዕራፍን ጎትቶ ማዘዋወር፣ ወርድ ላይም አለ። ቪው በሚለው ሥር «ናቪጌሽን ፔን» ላይ ምልክት ሲደረግ በግራ በኩል የርዕሶች ዝርዝር ይወጣል። አንዱን ርዕስ ይዘው ወደ ላይ ቢጎትቱት በሥሩ ያለው ጽሑፍ በሙሉ አብሮት ይሄዳል። ሊብሬኦፊስ ላይ ኤፍ5 ሲጫኑ ያው ነገር ይመጣል፤ ሊብሬኦፊስ ደግሞ ነጻ ነው።

«እኔ ጋ ዝርዝሩ ባዶ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ርዕሱን በእጁ አደመቀው፣ መጠኑን 16 አደረገው፣ መሐል ላይ አመጣው። ይህ ለዓይን ርዕስ ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን ትልልቅ ፊደል ያለው ተራ አንቀጽ ነው። የምዕራፍ ርዕስ «ሄዲንግ 1»፣ ንዑሱ «ሄዲንግ 2» የሚል ስታይል ሊሰጠው ይገባል። መልኩ ካላማረዎት ስታይሉን አንዴ ያስተካክሉት፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ርዕሶች ሁሉ አብረው ይስተካከላሉ። ማውጫም ከዚያው በራሱ ይወጣል፤ የገጽ ቁጥርን በእጅ መጻፍ ይቀራል። ለሦስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ጥቂት ሰው ነው።

«ፍላሽ ቀረ፣ ሁሉን ክላውድ ላይ»

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የመጨረሻ ሳምንት የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ረቂቁ ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ ሰው ረቂቅ አልነበረውም።

ጎግል ዶክስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ግን አስቀድሞ ከተዘጋጀ። በክሮም ወይም በኤጅ ላይ የኦፍላይኑ ማራዘሚያ መጫን፣ ምርጫውም ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት መብራት አለበት። መስመር ከጠፋ በኋላ ማብራት አይቻልም። ድራይቭን ኮምፒውተሩ ላይ የጫኑ ሰዎች ደግሞ በፎልደር ውስጥ የሚያዩት የጎግል ዶክስ ፋይል ጽሑፍ የለበትም፤ ወደ ድረ ገጹ የሚመራ አቋራጭ ነው። ፍላሽ ላይ ቢገለብጡት የሚያገኙት ጥቂት ባይት ነው። ፋይል ከሚለው ምናሌ «ዳውንሎድ» ብለው በወርድ ፎርማት ማውረድ የግድ ነው።

ማመሳሰልና መጠባበቂያ ቅጂም አንድ አይደሉም። ኮምፒውተርዎ ላይ በስሕተት የሰረዙት ፋይል ክላውድ ላይም ይሰረዛል፤ ጎግል ድራይቭ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ለ30 ቀን ብቻ ያቆየዋል። የቆየው ደንብ ዛሬም ይሠራል፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። በእኛ አቅም ሲተረጎም አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ ማለት ነው። ለሦስተኛው ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክ ንቀት የሚገባው ዘዴ አይደለም፤ እስከ 2 ጊጋባይት ፋይል ይቀበላል፣ የተላከበት ቀን ስላለበትም የትኛው ረቂቅ አዲስ እንደሆነ ይታወቃል። የፋይሉ ስም መጀመሪያ ላይ ቀኑን መጻፍ ግን አይቅር፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እያሉ መሰየም የት እንደሚያደርስ ሁሉም ያውቀዋል።

ፍላሽ ላይ የሚፈራው ቫይረስ ነው። ከኢንተርኔት ካፌ ወይም ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ ጠፍተው በአቋራጭ ምልክቶች ተተክተው ከታዩ አቋራጮቹን አይክፈቱ፣ ፎርማትም አያድርጉ። ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። በዊንዶውስ የፎልደር ምርጫዎች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ፣ የሥርዓቱን ፋይሎች የሚደብቀውንም ምልክት ማንሳት፣ ከዚያ ሰነዶቹን ብቻ ገልብጦ ፍላሹን ማጽዳት።

የመብራት መቋረጥም አለ። ወርድ ሳይታሰብ ሲዘጋ የሚያተርፍልን የማገገሚያ ቅጂ፣ ካልተለወጠ በቀር፣ በየ10 ደቂቃው ነው የሚወሰደው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ብለው ገብተው ወደ 2 ደቂቃ ያውርዱት። ከላይ ጥግ ላይ የሚታየው «አውቶሴቭ» ሌላ ነገር ነው፤ የሚሠራው ፋይሉ ዋንድራይቭ ወይም ሼርፖይንት ላይ ሲሆን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ያለ ሰነድ በእሱ ሊተማመን አይችልም።

«በቀን 1,667 ቃል»

ቁጥሩ የመጣው በኅዳር ወር ግድም 50,000 ቃል በ30 ቀን ይጻፍ ይል ከነበረው የአሜሪካኖች ዘመቻ ነው። ልኩ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። «ስላልመጡላቸውም» ወርድ ላይ አንድ ቃል ሆኖ ይቆጠራል፤ በአማርኛ 1,667 ቃል የጻፈ ሰው በእንግሊዝኛው ልክ ከተጠየቀው በላይ ሠርቷል። ደግሞ ቆጣሪው የሚያየው ባዶ ቦታን ስለሆነ ቃላቱን በ፡ ብቻ እየለየ የሚጽፍ ሰው ቁጥሩ ያንስበታል። ግብ ማስቀመጥ ለሚረዳው ሰው በፊደል ብዛት ወይም በገጽ ይለካ። የ25 ደቂቃ ሥራና የ5 ደቂቃ ዕረፍት ዘዴ ላይ ክርክር የለንም፤ የስልክ ሰዓት ይበቃዋል፣ መተግበሪያ አይገዛለትም።

«በድምፅ ማስጻፍ ይፈጥናል»

ለመጀመሪያ ረቂቅ ይፈጥናል፤ ጎግል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን ከድምፅ ይጽፋል። ነገር ግን ጎግል ዶክስ ሥርዓተ ነጥብን በቃል ማዘዝ የሚቀበለው በጥቂት ቋንቋዎች ነው፤ አማርኛ ከእነሱ ውስጥ የለም። አራት ነጥብ የሌለበት ሦስት ገጽ ይደርስዎታል፤ ሰ ይሁን ሠ የመረጠውም ማሽኑ ነው። በየአንቀጹ እያቆሙ ነጥቡን በእጅ ማስገባት ይሻላል። መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ ያለ ሰው የትኛው ዓረፍተ ነገር የት እንዳለቀ ለማወቅ ጽሑፉን እንደ አዲስ ማንበብ ይገደዳል።

ጸሐፊው የማጣቀሻ ሥራን ዞቴሮ በተባለው የማጣቀሻ መያዣ ፕሮግራም ያዙ ማለታቸው ትክክል ነው። ጎደሎው የአበሻ ስም ነው። ዞቴሮ «አበበ ከበደ» የሚለውን የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ብሎ ይከፍልና በዝርዝሩ ላይ «ከበደ፣ አ.» አድርጎ የአባትን ስም ያስቀድማል። ከስሙ ሳጥን አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ሲነኩ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ፤ ስሙ ሙሉውን እንደተጻፈ ይቀራል። ዓመቱም እንዲሁ፦ 1958 ዓ.ም. ብለው ቢያስገቡ ፕሮግራሙ እንደ ፈረንጅ ዓመት ቆጥሮ በዓመት ሲደረድር ከቦታው ያንሸራትተዋል። በመደርደሪያው ቦታ የፈረንጁን ዓመት፣ በተጨማሪ መረጃው ቦታ ደግሞ የኢትዮጵያውን መጻፍ ነው።

«ሲያልቅ ፋይሉን መላክ ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ነው የፎንት ነገር ተመልሶ የሚመጣው። የወርዱን ፋይል ብቻ ከላኩና ተቀባዩ ያንን ፎንት ካልጫነ ኮምፒውተሩ በሌላ ይተካል፤ የግዕዝ ፎንቶች ስፋትና የመስመር ቁመት በጣም ስለሚለያይ 240 ገጽ የነበረው ሌላ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ በእጅ የተጻፈ ማውጫ ከነበረ ዋጋ የለውም። ኒያላና አቢሲኒካ የተባሉት የግዕዝ ፎንቶች የደማቅ ፊደል ቅርጽ የላቸውም፤ ሲደምቁ ወርድ ቅርጹን በማወፈር ያስመስለዋል፣ በትንንሽ ርዕስ ላይ የፊደሉ ዓይን ይደፈናል። ርዕስ እንዲደምቅ ከፈለጉ እውነተኛ የክብደት ደረጃዎች ያሉትን ኖቶ ሳንስ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ይጠቀሙ። በሁለቱም ጠርዝ የተስተካከለ ጠባብ ዓምድም ለአማርኛ አይመችም፤ ቃላቱ ረጃጅም ስለሆኑ በመካከላቸው ሰፋፊ ክፍተት ይፈጠራል። ወይ ዓምዱን ያስፉት፣ ወይ በግራ ብቻ ያስተካክሉት።

ሦስት ነገር አብሮ ይላክ፦ የወርዱ ፋይል፣ ከእሱ የወጣው ፒዲኤፍ፣ ፎንቶቹ። ፒዲኤፉ ገጹ ምን ይመስል እንደነበር ማመሳከሪያ ነው፤ የገጽ አቀናባሪው በኢንዲዛይን ሲያፈስሰው የተዘለለ አንቀጽ ወይም የተበላሸ ፊደል ካለ በእሱ ይታወቃል። ማተሚያ ቤቱ ገና በድሮው የገጽ ማቀናበሪያ በፔጅሜከር የሚሠራ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ዩኒኮድን አያውቅም፤ ጽሑፍዎ ወደ ድሮው ፎንት ተመልሶ ይለወጣል ማለት ነው፤ ከላይ የተነገሩት የመለወጥ ስሕተቶችም በተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣሉ። የተዘጋጀውን ፒዲኤፍ እንዳለ ማተም ይችሉ እንደሆነ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።